ዘጌ ስንት ብር ይርቃል? የትንንሽ መኪና ባለቤቶችና የነዳጅ ሂሳብ

ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ያለው የየብስ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በባሕር ዳር ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም አሮጌ ኮሮላ ያለው ደመወዝተኛ ዘንድ ዘጌ በኪሎ ሜትር ተለክቶ አያውቅም፤ የእሑድ መዝናኛ፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረት ንግሥ፣ የዘመድ ለቅሶ ነበር። ጠጠር የበዛበትን መንገድ፣ አራት ሰውና ጓዝ የጫነችን ትንሽ መኪና ታሳቢ አድርገን ደርሶ መልሱን በ5 ሊትር ቤንዚን እንገምተው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በወጣው የአዲስ አበባ ታሪፍ ሊትሩ 31 ብር ከ74 ሳንቲም ስለነበር የጉዞው ነዳጅ 158 ብር ከ70 ሳንቲም ይሆናል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ታሪፉ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ ይኸው ጉዞ ከ507 ብር በላይ ፈጀ። መንገዱ አልረዘመም፤ ዘጌ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ራቀች።

ታሪፉ ከዚያም በኋላ ጨምሯል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ስሌቶች በ101 ብር ከ47 ሳንቲም የተሠሩ በመሆናቸው፣ አንባቢ ማደያው ላይ የሚያየውን ዋጋ ተክቶ ቢያሰላቸው ውጤቱ የከፋ እንጂ የተሻለ አይሆንም።

ጉዳዩ የሽርሽር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለትንታኔ ባልበቃ ነበር። ዘጌ በቡናዋ፣ በጌሾዋና በሎሚዋ የምትኖር፣ እንደ ጥንቱ ሥርዓት በሬ ተጠምዶ የማይታረስባት ምድር ናት። እህሏ ከውጭ ይገባል፤ ቡናዋ ወደ ውጭ ይወጣል። ጀልባው በቤንዚን ይንቀሳቀሳል፣ ባጃጁም እንዲሁ፣ የጭነት መኪናው በናፍጣ። የነዳጅ ዋጋ እዚያ የሚደርሰው በማደያ በኩል ሳይሆን በጤፍ ዋጋ በኩል ነው። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል መድረስ ሲኖርባት ደግሞ፣ አምቡላንስ ባልተገኘበት ሰዓት የሰፈሩ አምቡላንስ መኪና ያለው ጎረቤት ነው። ብዙ የትንሽ መኪና ባለቤቶች የመጨረሻዋን አምስት ሊትር የማይነኳት ለዚህ ነው።

ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው

በኢትዮጵያ የነዳጅ ዋጋ የኢኮኖሚ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት የዓለም ነዳጅ ቀውስ ያስከተለውን የ50 በመቶ የቤንዚን ጭማሪ በመቃወም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ የመጡ መንግሥታት ሁሉ የቤንዚንን ዋጋ በጥንቃቄ ሲነኩት ኖረዋል። ደርግ ነዳጅን በኩፖን አደለ። ኢሕአዴግ በ1993 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ አቋቋመ።

የፈንዱ ሐሳብ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። የዓለም ዋጋ ሲወርድ የአገር ውስጡ ዋጋ እንዳለ ይቆይና ልዩነቱ ይጠራቀማል፤ የዓለም ዋጋ ሲወጣ የተጠራቀመው ገንዘብ ንረቱን ይሸፍናል። ችግሩ የዓለም ዋጋ የሚወጣበት ዘመን ከሚወርድበት መርዘሙ ነው። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የድፍድፍ ነዳጅ በርሜል 147 ዶላር ሲደርስ ፈንዱ ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ድጎማውን አነሳሁ ብሎ ዋጋ ቢጨምርም፣ ከዓመታት በኋላ ድጎማውም ዕዳውም ተመልሰው መጡ።

ወሳኙ እርምጃ የመጣው በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም፣ ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ገባ። ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር በኩል እንዲቀጥል፣ ለግል መኪኖች ግን ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ተወሰነ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ቤንዚን 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ።

በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ መደረጉን ልብ ይሏል። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ካቆመና የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ አገሪቱ የምትጠቀመውን ነዳጅ የተጣራውን ገዝታ፣ በአመዛኙ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ታስገባለች። በዶላር የሚገዛ ዕቃ የብር ዋጋው ከምንዛሪው ጋር መውጣቱ የማይቀር ነው። ስለዚህ የትንሽ መኪና ባለቤት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ደረሰበት፤ ድጎማው ተነሳ፣ ብሩም ተዳከመ። ጭማሪው በአንድ ሌሊት ሳይሆን በየጥቂት ወሩ፣ አሥርና አምስት ብር እያለ ስለመጣ፣ ማደያ ላይ ቆሞ የሚያጉረመርም እንጂ ሂሳቡን ጠቅላላ የደመረ ብዙ አይደለም።

እስቲ እንደምረው። በቀን 20 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን የሚነዳ ሰው በወር 520 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ ሺሕ ሲሲ ሞተር ያላት መኪና በከተማ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 37 ሊትር ግድም ትፈልጋለች። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ዋጋ 1,180 ብር ገደማ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ዋጋ 3,770 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ለአንድ መምህር ወይም ነርስ ይህ የትርፍ ጊዜ ወጪ አይደለም። ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ቀጥሎ ሦስተኛውን ቦታ ይይዛል።

ታሪፍና እውነተኛ ዋጋ

ይሁንና ከላይ ያለው ስሌት አንድ ትልቅ ግድፈት አለበት። የአዲስ አበባ ታሪፍ የባሕር ዳር ዋጋ አይደለም። ከተማው ከአዲስ አበባ በራቀ ቁጥር የማጓጓዣ ወጪ ይጨመራል። ከዚህም በላይ ታሪፍ ዋጋ የሚሆነው ነዳጁ ማደያው ውስጥ ሲኖር ነው።

በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቀሰቀሰው ግጭት ለቦቴ መንገድን የዕድል ጉዳይ አድርጎታል። መንገድ ሲዘጋ ማደያው ይደርቃል፤ ሲከፈት ሰልፉ ከማደያው በር ተነስቶ ዋናውን መንገድ ይዞ ይወርዳል። ባጃጁ በአንድ ረድፍ፣ የቤት መኪናው በሌላ ረድፍ፣ ሞተር ሳይክሉ በመካከል ይጋፋል። በእንዲህ ያለው ቀን ኮታ ይጣላል። አንድ ሰው በአንድ ሰልፍ 15 ሊትር ብቻ ያገኛል ብንል፣ የወሩን 37 ሊትር ለማሟላት ሦስት ጊዜ መሰለፍ አለበት። እያንዳንዱ ሰልፍ ግማሽ ቀን ቢወስድ ከወሩ አንድ ቀን ተኩል የሥራ ጊዜ ማደያ በር ላይ ያልቃል። ይህ ወጪ በየትኛውም ታሪፍ ላይ አይታይም።

ሰልፉን ያልቻለ ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል። በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ከታሪፉ እጅግ በላቀ ዋጋ የሚቸበቸብ ከመሆኑም ሌላ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን ያንኳኳል፣ ካንዴላ ያበላሻል፣ ጭስ ያበዛል። ባለ መኪናው የወሩን ግማሽ ፍጆታ በእጥፍ ዋጋ ቢገዛ ወጪው ከ3,770 ብር ወደ 5,650 ብር ይወጣል። የጋራዡ ሂሳብ ሳይደመር ማለት ነው።

ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ እንዲሆን መደረጉ ሕገወጥ ሽያጭን ለመቆጣጠር ታስቦ ነው። ዓላማው ተገቢ ነው፤ ርካሽ ነዳጅ ወደ ጎረቤት አገሮች ይኮበልል እንደነበር የሚክድ የለም። ነገር ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ነዳጅ እያለ ክፍያ የለም፤ ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ነዳጁ ያልቃል። ቴክኖሎጂ ገንዘቡን መከታተል ይችላል። ቦቴውን ግን ማደያ ድረስ አያደርስም።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ?

ድሮ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ቀላል ነበር። ናፍጣ ርካሽ ስለነበር ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ናፍጣ ይመርጥ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የናፍጣ ሊትር 28 ብር ከ94 ሳንቲም ሲሆን ከቤንዚን 9 በመቶ ገደማ ይቀንስ ነበር። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ናፍጣ ቤንዚንን በአንድ ብር ከ19 ሳንቲም በለጠው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆኖ ከቤንዚን 2.5 በመቶ ብቻ አነሰ።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ከእንግዲህ ምርጫን አይወስንም። የናፍጣ ሞተር በሊትር ብዙ መንገድ የመሄድ ብልጫው እንዳለ ቢሆንም፣ ጥገናው ውድ ነው፤ ፓምፑና አፍንጫው ሲበላሹ የሚጠየቀው ገንዘብ የዓመት ቁጠባን ይውጣል። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ዛሬም ያዋጣል።

ሌላው በባለ መኪኖች ዘንድ የሚነሳው የቤንዚን ጥራት ወይም ኦክቴን ነው። እዚህ ላይ ጣና ዙሪያ የሚኖር ሰው ከተፈጥሮ ትንሽ ዕድል አግኝቷል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፤ በአንጻሩ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ከፍተኛ ኦክቴን የግድ አያስፈልገውም። የእነዚህ መኪኖች ባለቤት ከኦክቴን ይልቅ የሚያሳስበው የቤንዚኑ ንጽሕና፣ የጎማው ንፋስና የአየር ፊልትሮው ቢሆን ይሻላል። የዘጌ መንገድ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል።

በቤንዚን ላይ አገራዊ ሙከራ አልተደረገም አይባልም። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን 5 በመቶ ኤታኖል እየተቀላቀለበት መሸጥ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኤታኖሉ የሚመጣው እንደ ፊንጫ ካሉ ስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ነበር። ኤታኖል በሊትር ያለው ጉልበት ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሚያንስ 10 በመቶ ድብልቅ ቤንዚን 3 በመቶ ገደማ ርቀት ይቀንሳል፤ ጥቅሙ ለባለ መኪናው ሳይሆን ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ነበር። ስኳሩ ራሱ በጠፋበት አገር ግን ከስኳር የሚገኝ ነዳጅ የትም አያደርስም።

የተፈጥሮ ጋዝም በተስፋ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል፤ በጎዴም ለነዳጅ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ለአገር ትልቅ ዜና ነው። አሮጌ ቪትዝ ላለው የባሕር ዳር ሰው ግን ጋዝ ነዳጅ የሚሆነው ሲሊንደሩ መኪናው ላይ፣ ማደያው ሰፈሩ ውስጥ ሲገኝ ነው። እስከዚያው የመሠረት ድንጋይ ታንከር አይሞላም።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው

የቀረው ኤሌክትሪክ ነው። መንግሥት በዚህ ረገድ ከብዙ አገሮች ቀድሞ ሄዷል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ቀደም ብሎ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው፣ ተገጣጥመው የሚመጡት በ15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። በአንጻሩ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል።

የመንግሥት ስሌት አይናቅም። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውኃው የራሳችን ነው፤ ቤንዚኑ በዶላር ነው። ታዲያ የትንሽ መኪና ባለቤት ለምን ነገ ጠዋት አይቀይርም?

እንደገና እናስላ። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ትፈልጋለች እንበል። ሲሞላ የሚባክነውን አንድ አሥረኛ ጨምረን፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱንም በ10 ብር ብናሰላው የ520 ኪሎ ሜትሩ ወርኃዊ ወጪ 860 ብር ገደማ ነው። ከቤንዚኑ ጋር ሲነጻጸር በወር 2,900 ብር፣ በዓመት 35,000 ብር ገደማ ቁጠባ አለ። ያጓጓል። ይሁንና ሰውየው አሮጌ መኪናውን ሸጦ የኤሌክትሪኩን ለመግዛት አንድ ሚሊዮን ብር መጨመር ቢኖርበት፣ ያን ገንዘብ በነዳጅ ቁጠባ ለመመለስ 28 ዓመት ይፈጅበታል። መኪናዋም ባትሪዋም፣ ምናልባት ባለቤቱም፣ ያን ያህል አይቆዩም።

በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ የኮንትራት ታክሲ ሲሆን ግን ታሪኩ ይገለበጣል። በወር 3,900 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የቤንዚን ወጪው ከ28,000 ብር ያልፋል፤ የኤሌክትሪኩ 6,400 ብር ገደማ ነው። ያው አንድ ሚሊዮን ብር በአራት ዓመት ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ለሚነዳ ሰው ንግድ ነው። ጥቂት ለሚነዳ ደመወዝተኛ በጥቅሉ የማያዋጣ ምኞት ነው። ፖሊሲው ግን ሁለቱን አይለይም።

ከዚህ ላይ የመብራቱ ነገር አለ። የጣና ውኃ በዋሻ ተጉዞ በግንቦት 2002 ዓ.ም. በተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከሐይቁ ዳር የሚኖረው ሰው ግን መብራት ሲጠፋበት ሻማ ፍለጋ ይወጣል። ችግሩ ከማመንጫው ሳይሆን ከማሰራጫው መስመርና ከትራንስፎርመሩ ነው። ፈጣን የመሙያ ጣቢያዎችም የተከማቹት አዲስ አበባ ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። በአንድ ሙሌት 300 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ይዞ ያንን መንገድ ለመጀመር ከባትሪ ይልቅ እምነት ያስፈልጋል።

ማን ይክፈል?

የድጎማው መነሳት በመርህ ደረጃ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። በአብዛኛው በእግሩ በሚሄድ ሕዝብ ውስጥ የመኪና ባለቤትን ነዳጅ መደጎም ከድሃው ወስዶ ለተሻለው መስጠት ነው። የትንሽ መኪና ባለቤቶችም ይህን ልንክድ አይገባንም። ጥያቄው ድጎማው ይመለስ የሚል ሳይሆን፣ ሙሉውን ዋጋ የሚከፍል ሰው በምላሹ ምን ያገኛል የሚል ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ የሚገባው ነዳጁ መገኘቱ ነው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ግማሽ ቀን የሚሰለፍ ሰው ሁለት ጊዜ እየከፈለ ነው። ሁለተኛ፣ «የግል መኪና» የሚለው አንድ ስም 14 ኪሎ ሜትር በሊትር የምትሄደውንና 6 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን ግዙፍ መኪና በአንድ ላይ ጠቅልሏል። አሮጌ ትንሽ መኪናን በከባድ ታክስ፣ አዲስ ቤንዚን መኪናን በክልከላ ዘግቶ፣ የኤሌክትሪክ መኪናን ሚሊዮን ላለው ብቻ መክፈት ደመወዝተኛውን ያረጀ ሞተር እየጠገነ እንዲኖር ይፈርድበታል። ያረጀ ሞተር ደግሞ ብዙ ነዳጅ ይበላል። አገሪቱ ለመቀነስ የፈለገችውን የነዳጅ ወጪ ራሷ ታሳድጋለች ማለት ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይኸ ነው።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪኩ ጉዞ ከቤት መኪና ይልቅ ብዙ ኪሎ ሜትር ከሚሄዱት ቢጀምር ለሁሉም ይበጃል። ከላይ ያየነው ስሌት የሚያሳየው ብድርና ማበረታቻ ለታክሲ፣ ለባጃጅና ለከተማ አውቶቡስ ቢቀድም ገንዘቡ ቶሎ እንደሚመለስ ነው። ባጃጆቹ ከሰልፉ ሲወጡ ለቀሩት ሰልፉ ያጥራል። የክልል ከተሞች አስተማማኝ መስመርና ጥቂት መሙያ ጣቢያ ማግኘት አለባቸው። ባሕር ዳር በብስክሌት የምትታወቅ ሜዳማ ከተማ መሆኗንም አንርሳ፤ ለሦስት ኪሎ ሜትር መንገድ ከፔዳል የረከሰ ነዳጅ እስካሁን አልተገኘም።

ባለ መኪናውም የራሱ ድርሻ አለው። ሦስት የሥራ ባልደረቦች በየፊናቸው በሦስት መኪና ከሚመጡ በአንዱ ተራ በተራ ቢመጡ የእያንዳንዳቸው የወር ወጪ ከ3,770 ብር ወደ 1,260 ብር ገደማ ይወርዳል። ከዚህ የበለጠ ቅናሽ የሚሰጥ ምንም ዓይነት ሞተር ገበያ ላይ የለም።

እሑድ ጠዋት ከዘጌ ወደብ ከአፋፍ ቆሞ ሐይቁን የሚያይ ሰው ዛሬም ታንኳዎች በመቅዘፊያ ሲያልፉ ያያል። ቀዛፊው የዓለም የድፍድፍ ዋጋ፣ የምንዛሪ ተመንና የቴሌብር ኔትወርክ አያሳስቡትም ለማለት ይቃጣል። ነገር ግን ይህም እውነት አይደለም። ታንኳው ላይ የጫነውን እንጨት ወይም ሎሚ ሸጦ የሚገዛው ጤፍ የመጣው በናፍጣ ነው። ሌሊት ልጁ ቢታመም የሚያንኳኳው በር ደግሞ የዚያችን የአሮጌ ቪትዝ ባለቤት በር ነው። ያን ሌሊት ታንከሯ ውስጥ አምስት ሊትር መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ባለቤቷ ብቻ አይደለም።